በሰሜን በር ያልገባችው ፎቶ አንሺ

መሪጌታ ዓለምነህ ለቀበሌ መታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ከተራራ ወርደው መርሳ መጡ። ከአስካለ ፎቶ ቤት ገብተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፤ አይናቸውን ሳይጨፍኑ ፎቶውን በአንድ ጊዜ ተነሱ። «አለቀ የኔታ፣ ሐሙስ ይደርስልዎታል» ብትላቸውም ከበርጩማው ንቅንቅ አላሉም። ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የሙሽራና የተማሪ ፎቶዎች አይናቸውን አጥብበው እያዩ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ሰው ብቻ ነው የምታነሺው ወይስ ቤትም ታነሻለሽ?» አሏት።

«የምን ቤት የኔታ?»

«የእግዜር ቤት።»

ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምህረት፣ ጥቅምት ሊወጣ ሲል ነው። መሪጌታ የሚያገለግሉት ወይራ አምባ ሚካኤል ከመርሳ በላይ የሦስት ሰዓት ዳገት ተወጥቶ የሚደረስበት፣ ክብ፣ በሣር የተከደነ አሮጌ ደብር ነበር። መቼ እንደተሠራ የሚያውቅ የለም። ማን አሠራው ሲባል «አንድ ደጃዝማች» ይባላል፤ የትኛው ደጃዝማች እንደሆነ ሲጠየቅ ሁሉም ወደ ሌላው ያያል። አሁን ደግሞ የሕንፃ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ከጥምቀት በኋላ አሮጌው ፈርሶ በስፍራው የብሎኬትና የቆርቆሮ አዲስ ሊሠራ ተወስኗል።

«የመቅደሱ ግድግዳ አራቱም ወገን ሥዕል አለበት» አሉ መሪጌታ። «ጭስ በልቶታል፤ የሌሊት ወፍ ተጫውቶበታል። ቢሆንም አለ። ሲፈርስ ግን የለም። እኔ ሥዕል አልችልም፤ አይኔም ደክሟል። አንቺ ከቻልሽ ነይ።»

አስካለ ያን ጊዜ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። የተወለደችው ውርጌሳ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ለትምህርት ወልድያ አክስቷ ዘንድ ሄዳ፣ ከአክስቷ ጎረቤት ከአብዱልሐሊም ፎቶ ቤት ከትምህርት መልስ ወለል ትጠርግ፣ ውሃ ትቀዳ ነበር። አብዱልሐሊም ሁለት ጎልማሳ ሠራተኞች ነበሩት። ጦርነቱ ሲከፋ አንደኛው ታፍሶ ሄደ፤ ሁለተኛው እንዳይታፈስ ጠፋ። ጨለማ ክፍሉ ሰው አጣ። ሰውየው አንድ ቀን መጥረጊያ የያዘችውን ልጅ ጠርቶ፣ «ነይ ግቢ፤ እንዳትፈሪ፤ ጨለማው የተደረገው ለሥራው ነው» አላት። ገባች። ነጭ ወረቀት ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ የሰው አይን፣ አፍንጫ፣ ከንፈር ቀስ እያለ ሲወጣበት ስታይ እስትንፋሷን ያዘች። ከዚያ ቀን ወዲያ ወለሉን የሚጠርግ ሌላ ሰው ተፈለገ።

አብዱልሐሊም ነገር የሚያስተምረው በምሳሌ ነበር። መርሳና አካባቢው የመስኖ አገር ነውና፣ «ብርሃን እንደ ውሃ ነው» ይላታል። «ቦይ ካልቀደድሽለት ወደ እርሻሽ አይመጣም። ከቀደድሽለት ደግሞ የፈለግሽበት ድረስ ይሄድልሻል።»

መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሲከፈት አሮጌ ዜኒት ካሜራውን አንገቷ ላይ አጠለቀላትና፣ «ወልድያ ለሁለታችን ትጠባለች፤ መርሳ ፎቶ ቤት የላትም» ብሎ ሸኛት። መርሳ ገበያ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየች። መጀመሪያ ሰዉ «ሴት ፎቶ አንሺ ደግሞ!» እያለ በበሩ ያልፍ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የመታወቂያ ፎቶ ግዴታ መጣና ገበሬው ሁሉ በሯ ላይ ተሰለፈ። በዚሁ መሐል ከአንድ የሲሪንቃ ሾፌር ጋር ሁለት ዓመት በትዳር ኖራለች። «እጅሽ ኬሚካል ኬሚካል ይላል» ሲላት፣ «እጄ የሚሸተው እንጀራዬን ነው» አለችው፤ ሳይጣሉ ተለያዩ።

እንግዲህ የመሪጌታን ጥያቄ የሰማችው ይህች ሴት ናት። ብዙ አላሰበችም። «ማክሰኞ እመጣለሁ የኔታ» አለች።

ማክሰኞ ካሜራዋን፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውንና አንድ የእጅ ፍላሽ ይዛ ወጣች። ቅጽሩ በር ላይ የደብሩ ገበዝና የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ አስፋው ጠበቋት። አስፋው ቁመተ ረጅም፣ ቃሉ የተከበረ፣ ለአዲሱ ሕንፃ ድንጋይ ለማስፈለጥ ሁለት ክረምት እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ፎቶውን አልተቃወመም። «አንሽው፤ የሚፈርስ ነገር ስለሆነ አይጎዳም» አለ። ተቃውሞው ከገበዙ መጣ።

«ሴት በደቡብ በር ነው የምትገባው። ሰሜኑ የወንዶች ነው። ሥርዓቱን ለካሜራ ብለን አናፈርስም።»

አስካለ ሙግት አልገጠመችም። «በደቡብ እገባለሁ አባ። ሰሜኑን እኔ ካልገባሁበት ካሜራዬ ይገባበታል። የኔታ ይዘውልኝ ይገባሉ።»

መሪጌታ ደነገጡ። «እኔ? እኔ እኮ ከብዕር በቀር የያዝሁት ነገር የለም።»

«ብዕር የያዘ እጅ አይንቀጠቀጥም» አለቻቸው።

ያን ቀን ግን ነገሩ አልሆነም። በደቡቡ በኩል ገብታ በፍላሽ አነሳች። ሰሜኑን በመሪጌታ እጅ አስነሳች። መርሳ ወርዳ ፊልሙን ስታጥበው በየሥዕሉ መሐል ነጭ እሳት የመሰለ ክብ ቁጭ ብሏል። የዘመናት ጥላሸት እንደ ቅባት ያብረቀርቅ ኖሮ የፍላሹን ብርሃን መልሶ ካሜራው አይን ውስጥ ረጭቶታል። የቅዱሳኑ ፊት አንዱም አልወጣም። አስካለ የተበላሸውን ፊልም አድርቃ ሰቀለችውና ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስታየው አረፈደች። ስታስበው፣ የጎደለው ቦዩ ነው። ብርሃኑ ከካሜራው አፍ መምጣት የለበትም። ከደጅ፣ ከፀሐይ፣ በጎን በኩል መግባት አለበት። ለዚህ ደግሞ መስታወት ያሻል፤ ትልቅ መስታወት።

ከወይራ አምባ ሥር፣ መንገዱ ዳገቱን ከሚጀምርበት ላይ አሚና የምትባል የሻይ ቤት ባለቤት ነበረች። ሻይ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰው ከደረቱ በላይ የሚያሳይ መስታወት ነበራት፤ የዳገቱ መንገደኛ ሁሉ ሲወርድ ፊቱን አይቶ አቧራውን አራግፎ ነው ገበያ የሚገባው። አስካለ ነገሩን ስትነግራት አሚና ሣቀች።

«መስታወቴን ለሚካኤል ልታውሺው ነው?»

«ለአንድ ቀን። እንዳይሰበር እኔው እሸከመዋለሁ።»

«አንቺማ ካሜራሽን ያዢ። መስታወቱ የኔ ነው፤ እኔው በጀርባዬ አዝዬው እወጣለሁ። ቢሰበር ማንንም አልወቅስ። አብሽሪ!» አለችና ሻይ ቤቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መስታወቱን በጋቢ ጠቅልላ አዘለችው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ጋደል ብላለች። የቤተ ክርስቲያኑ ሰሜናዊ ወገን ጥላ ውስጥ ነው። አስካለ ጥላው ካበቃበት፣ ከቅጽሩ ግንብ አጠገብ፣ መስታወቱን ከአሚና ጋር አቆመችው። ከላይ የምትመጣውን ፀሐይ ተቀብሎ መልሶ በሰሜኑ በር ወደ ውስጥ እንዲልካት ቀስ እያሉ አዘነበሉት። ብርሃኑ መጀመሪያ ሣር ክዳኑ ላይ ወጣ፤ ወረደ፤ በሩ መቃን ላይ ተንገዳገደ፤ ከዚያ ጥልቅ ብሎ ገባ። ከውስጥ የመሪጌታ ድምፅ ተሰማ።

«ኧረ የሚካኤል ያለህ!»

«ምን ያያሉ የኔታ?»

«ፈረስ! የፈረስ እግር! ሙሉውን መለየት አቃተኝ፤ አይኔ ያጭበረብራል፤ ግን ፈረስ ነው።»

የካሜራውን ርቀት ቀድማ በጫማ አስለክታቸው፣ ማስተካከያውን እንዳይነቃነቅ በፕላስተር አጣብቃለች። መተኮሻው በቀጭን ሽቦ የሚጫን ነበር። መሪጌታ ሽቦውን በአውራ ጣታቸው ይዘው ይጠብቃሉ። እርሷ ከደጅ ሆና፣

«ይጫኑ! አይልቀቁ! አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት! ይልቀቁ!» ትላለች።

መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸውና ቁጥሩን እንደ ዜማ ተቀብለው ከውስጥ ይመልሱላታል። ላይኛውን ሥዕል ለማግኘት የወይራ አምባ ወንዶች የእጅ መስታወቶችን ይዘው ገብተው ከሥር ያለውን ብርሃን ወደ ላይ መለሱላት። ወሬው ተሰማና ሴቶቹ ከየቤታቸው የፊት መስታወት እያመጡ በደጅ አቀበሉ። እስከ ቀትር አራቱም ወገን ተነሳ። ደቡቡን በመስታወት ደግማ ራሷ አነሳችው። አሚና ክንዷ ዝሎ መስታወቱን ጭኗ ላይ አስደግፋ ቁጭ እንዳለች፣ ገበዙ ራሳቸው ጠላ ለማይጠጣ እንግዳ የሚሆን ማር በውሃ በጥብጠው አመጡላት።

በማግስቱ አስካለ የፎቶ ቤቷን በር ዘግታ ጨለማ ክፍል ገባች። የሰሜኑን ወገን ስታትም ጠንካራውን ወረቀት መረጠች፤ ይህ ወረቀት ጨለማና ብርሃን የተቀራረበበትን ፊልም አበጥሮ የሚለይ ነው። ወረቀቱን ፈሳሹ ውስጥ ነከረችና ሳህኑን ቀስ አድርጋ አወዛወዘችው። መጀመሪያ ፈረሱ ወጣ፤ ጥቁር ፈረስ። ከዚያ ጦር የያዘው ጋላቢ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ። ከዚያ፣ ከፈረሱ ሆድ ሥር፣ ወንዶቹ ሁሉ ጥላሸት ይመስላቸው ከነበረው ስፍራ፣ አንዲት ሴት ተዘርግታ ወጣች።

ሴትዮዋ በግንባሯ ተደፍታለች። ነጠላዋ ጥለት አለው። አንገቷ ላይ ማተቧ ይታያል፤ እጆቿ ወደ ፊት ተዘርግተዋል። ከራስጌዋ አንድ መስመር ፊደል አለ። አስካለ እርጥቡን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ ቀዩ መብራት ሥር ቆመች። በዚያ ደብር ያን ወገን ያየች ሴት እንደሌለች ታውቃለች። እርሷ የመጀመሪያዋ ናት፤ ለዚያውም ካየችው ግድግዳ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ። ፊደሉን አንድ በአንድ ለየችው፤ ግዕዝ ስለማታውቅ ግን ፍቺው አልገባትም።

ቅዳሜ መሪጌታ ገበያ ወረዱ። ወረቀቱን አይናቸው አጠገብ አድርገው ሞከሩና አቃታቸው። «አንብቢልኝ» አሏት። እርሷ ታነባለች፤ እርሳቸው አይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«ተማኅፀነት… ወለተ ኪዳን… እንተ አሕነጸት… ዘንተ ቤተ ክርስቲያን።»

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«ምን ማለት ነው የኔታ?»

«ወለተ ኪዳን ተማጠነች ይላል። ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው ወለተ ኪዳን።» በእጃቸው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «ያሠራችው ነው የሚለው እንጂ ያሠራው አይልም። አርባ ዓመት አገልግያለሁ። አርባ ዓመት ለማላውቀው ደጃዝማች ‹ነፍስ ይማር› ስል ኖሬያለሁ። እርሷ ግን እዚያው እግሬ ሥር ነበረች።»

«ታዲያ ይናገሩ።»

«ለማን? አስፋው ድንጋዩን አስፈልጧል፤ እንጨቱን አስቆርጧል። ወንዶቹ ቆርቆሮ ቆርቆሮ እያሉ ነው። አንድ መስመር ግዕዝ የሚያስቆማቸው ይመስልሻል?»

አስካለ ፎቶዎቹን በካርቶን መሐል አድርጋ በጨርቅ ጠቀለለች። «ለወንዶቹ አናሳይም» አለች። «መጀመሪያ ላላዩት እናሳይ።»

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሕንፃው ጉባኤ ከመጀመሩ በፊት፣ ከደቡቡ በር ውጭ ካለችው ወይራ ሥር ከሴቶቹ መሐል ቁጭ አለች። እማማ በላይነሽ የሴቶቹ ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ መሪያቸው፣ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ እርሳቸው ያልዳሯት ሴት፣ እርሳቸው ያልቀበሩት ሰው በወይራ አምባ የለም። አስካለ የመጀመሪያውን ፎቶ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ሰሜኑ ወገን ነው እማማ። የወንዶቹ።»

ሴቶቹ ተጠጉ። አንዷ በአንዷ ትከሻ ላይ ተንጠራራች። እማማ በላይነሽ ጣታቸውን ፈረሱ ላይ አሳረፉ፤ ቀስ እያሉ ወደ ታች አወረዱትና ተደፍታ ከተኛችው ሴት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺስ ማናት?»

«ወለተ ኪዳን ትባላለች። ቤቱን ያሠራችው እርሷ መሆኗን ጽሑፉ ይናገራል።»

«ደጃዝማቹስ?»

«ደጃዝማች የሚል ቃል የለበትም እማማ።»

አሮጊቷ ቀና አሉ። አይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ድምፃቸው ግን አልተሰበረም። «እኔ ክርስትና የተነሳሁት እዚህ ነው። ባሌን የቀበርኩት እዚህ ነው። ስድስት ልጅ ያስጠመቅሁት እዚህ ነው። ይኸን ሁሉ ዘመን እርሷ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ቆሜ፣ ሳንተዋወቅ!»

ጉባኤው ተጀመረ። አስፋው የሥራውን ተራ አስረዳ፤ ማን ድንጋይ እንደሚያመላልስ፣ ማን እንጨት እንደሚሸከም። ሲጨርስ እማማ በላይነሽ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አሉ። ሴት በጉባኤ መቆሟ ልማድ አልነበረምና ሰው ሁሉ ዞረ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፤ መሪጌታ ተነስተው ግዕዙን ተረጎሙ። ጉርምርምታ ሆነ። አስፋው ፎቶውን አተኩሮ አየና በትሕትና መልስ ሰጠ።

«እናቴ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን አባታችን ክረምት ክረምት ጥላ ይዘው እንደሚቀድሱ አንቱም ያውቃሉ። ጣሪያው ያፈሳል። ምስጥ ወጋግራውን ጨርሶታል። ይህን ፎቶ በመስታወት እናስቀምጠዋለን፤ ታሪኩም አይጠፋም። ወረቀት ግን ቤት አያቆምም።»

«እውነትህን ነው ልጄ፤ ወረቀት ቤት አያቆምም» አሉ እማማ በላይነሽ። «ውሃ ግን ያቆማል። ሲሚንቶውን የምታቦኩበት ውሃ ከየት ይመጣል?»

«ከምንጩ።»

«በማን ጀርባ?»

ምንጩ ከአምባው ሥር ነው፤ ከታች እስከ ላይ እንስራ አዝለው የሚወጡት ሴቶቹ እንደሆኑ ሕፃን ያውቀዋል።

«ጣሪያውን ቀይሩ፤ በቀን ሦስቴ እንቀዳለን። የውጭውን ግንብ ሥሩ፤ አሸዋም እንጨምራለን። የወለተ ኪዳንን ግድግዳ ለሚያፈርስ ግን አንድ ቅል ውሃ አንቀዳም።»

ሴቶቹ በእልልታ አጸኑት። አስፋው ራሱን እያከከ ወደ አስካለ ዞረ።

«አንቺ ፎቶ አንሺ ነሽ ወይስ ዳኛ?»

«ፎቶ አንሺ ነኝ ጋሼ አስፋው። ያለውን ነው ያነሳሁት።»

አስፋው እልኸኛ ቢሆንም ግትር አልነበረም። በሳምንቱ ከወልድያ አንድ ስመ ጥር ግንበኛ አምጥቶ የመቅደሱን ግድግዳ በመዶሻ እጀታ አስመታው፤ አስቆፍሮም መሠረቱን አሳየው። ግንበኛው እጁን አራግፎ፣ «ይህን ያቆመ ሰው ሥራውን ያውቅ ነበር። ከእኔና ከአንተ በኋላም ይቆማል። የሞተው ጣሪያውና የውጭው ግንብ ነው» አለ። ውሳኔው ተለወጠ። ቆርቆሮ ይለብሳል፤ የውጭው ይታደሳል፤ መቅደሱ አይነካም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ግን አላለቀም። የካቲት ላይ ሣር ክዳኑ ሲነሳ ሽማግሌዎቹ፣ «የበልግ ደመና አለ፤ ሳምንት ቆዩ» ብለው ነበር። አስፋው ሠራተኛ ሰብስቦ ስለነበር አልቆየም። ጣሪያው በተነሳ በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ተቀደደ። ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። ሰሜኑን፣ ምሥራቁንና ምዕራቡን በሸራ አዳኗቸው። በደቡብ በኩል ነፋስ ሸራውን ገነጠለና ውሃው በግድግዳው ወረደ። እመቤታችን ልጇን እንደታቀፈች የተሣለችበት፣ የወይራ አምባ ሴቶች ለትውልድ የተሳለሙት ሥዕል፣ ከቀለሙ ጋር ጭቃ ሆኖ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

አስፋው ራሱ ወደ መርሳ ወረደ። ባርኔጣውን አውልቆ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ወዙ ጠፍቷል።

«የደቡቡ ወገን አለሽ?»

«አለኝ።»

«ሙሉው?»

«ሙሉው። ይግቡ ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። «ቆዩ ብለውኝ ነበር። የቸኮልሁት እኔ ነኝ። ለእማማ በላይነሽ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

አስካለ የደቡቡን ፊልም አወጣች። «ዛሬ እዚሁ ይቆዩ» አለችው። ጨለማ ክፍል ገባች። ያላት ትልቁ ወረቀት ለዚያ ሥዕል አይበቃምና በአራት ከፍላ አተመችው። አራቱን ገጥማ ጣውላ ላይ ለጠፈችው፤ መጋጠሚያው እስከማይታይ ድረስ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የእመቤታችን ሰማያዊ ካባ ግራጫ ሆኗል፤ ፊቷ ግን ያው ፊቷ ነው፣ አይኖቿም ያው አይኖቿ። አስፋው አየው። እጁን ዘርግቶ ሊነካው ፈለገና እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ጣውላውን በጋቢው ጠቅልሎ ያን ዳገት ብቻውን ተሸክሞ ወጣ።

ፎቶው በደቡቡ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቀለ። ገበዙ፣ «ይህ ፎቶ ነው፤ የተባረከ ሥዕል አይደለም፤ አይሳለሙትም» ብለው አስታወቁ። እማማ በላይነሽ ቀርበው ተሳለሙና፣ «እኔ የተሳለምሁት ሥዕሉን ነው አባ። መሐል ላይ መስታወት ቆሞ ከሆነ ይቅር ይበለኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ያነሳ ሰው የለም።

አስካለ ከታተሙት መሐል አንዱን ይዛ ወልድያ ወደ አብዱልሐሊም ሄደች። አርጅቷል፤ ፎቶ ቤቱን ልጁ ኡበይደላ ይዞታል። ሽማግሌው ማጉያ መነጽሩን አምጥቶ መርቆሬዎስን ከዳር እስከ ዳር መረመረው።

«ግራ ጠርዙ ላይ ብርሃን አንሷል» አለ።

«አሚና እጇ ዝሎ ነው ጋሼ።»

«ሰበብ አትፍጠሪ። መስታወቱን ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ነበረብሽ።» ፎቶውን ግን አልመለሰላትም። ግድግዳው ላይ ከራሱ ምርጥ ሥራዎች መሐል ባዶ ቦታ ፈልጎ በገዛ እጁ ሰቀለውና፣ «ማሻአላህ» አለ። አስካለ ከዚያ ሰው አፍ ይህን ቃል ለሥራዋ የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወሬ እግር አለው። በዓመቱ ከሌላ ደብር መጡ፤ ከዚያ ከሌላ። አስፋው የድጋፍ ደብዳቤውን በራሱ እጅ እየጻፈ፣ ማኅተም እያስመታ ይሰጣት ነበር። «ይህች ሴት ሥርዓት ታውቃለች፤ በተፈቀደላት በር ነው የምትገባው» ይላል ደብዳቤው። በሐብሩና በጉባ ላፍቶ ወረዳዎች፣ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ ሃያ ሦስት አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትን አነሳች። ካሜራ ገብቶባቸው የማያውቁ ነበሩ። አሚና፣ «የእኛንስ አሮጌ መስጊድ ማን ያንሳልን?» ብላ ብትቆጣት አስካለ እርሱንም ከነጭቃ ግድግዳው፣ ከነተጠረበ ምሰሶው አነሳችው፤ እዚያም መስታወት የሚይዝ ሰው ሞልቶ ተረፈ። አንዳንድ ቦታ ከበር መልሰዋታል። ጉባ ላፍቶ ላይ አንዴ አራት ቀን ዘግይታ ደርሳ የጠበቃት የድንጋይ ክምር ብቻ ነበር፤ ከፍርስራሹ መሐል የመልአክ ክንፍ ያለበት የልስን ቁራጭ አንስታ አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ ለቄሱ ሰጠችና አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ስትጠራ ነገ ማለት ተወች።

ዘመኑ ተለወጠ። የቀለም ፎቶ መጣ፤ ከዚያ ዲጂታል መጣ፤ ጥቁርና ነጭ ወረቀት ከገበያ ጠፋ። ጨለማ ክፍሏን ግን አላፈረሰችውም። ፊልሞቿን በየደብሩ ስም ለይታ በደረቅ ቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጠቻቸው። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ ባለሥልጣን ሣጥኑን ከፍቶ ካየ በኋላ፣ «ይህ የአገር ሀብት ነው፤ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መሄድ አለበት» አላት።

«ይሂድ» አለች። «ቅጂው ይሂድ። ሁለት፣ ሦስት ቅጂ ሠርቼ እሰጣችኋለሁ። ዋናው ግን ከባለቤቶቹ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ አያውቅም፤ አሁንም አይርቅም።»

«ቢቃጠልብሽስ?»

«ለዚህ ነው ቅጂውን ውሰድ ያልሁህ።»

ሰውየው ሣቀ፤ ቅጂውንም ወሰደ። በፊርማ፣ በደረሰኝ፣ እያንዳንዱ ደብር በስሙ ተጽፎ።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምህረት፣ ጥር መባቻ ላይ፣ ከውርጌሳ በላይ ካለ አንድ አምባ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ቤተ ክርስቲያናቸው በጥር መጨረሻ ሊፈርስ ነው፤ ግድግዳው ላይ ምን እንዳለ ማንም በቅጡ አያውቅም፤ ምናልባት ምንም የለም። አስካለ ጠጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ ጉልበቷም ዳገት ላይ መድከም ጀምሯል። «ምንም ከሌለ ምንም አለመኖሩን አንስቼ እመለሳለሁ» አለቻቸው። አዲሱን ካሜራና አሮጌውን ዜኒት ሁለቱንም አነገተች። በሩን ዘግታ ወረቀት ለጠፈች፦ «ለሥራ ወጥቻለሁ። የመታወቂያ ፎቶ ዓርብ።» አውቶቡሱ ሲመጣ ከሽማግሌዎቹ ቀድማ ተሳፈረች።